ያጨበጨብንለት በር

ልጄ ሄለን ትንሽ ሳለች፣ «እማዬ፣ እያመመሽ ለምን ደህና ነኝ ትያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። የዚያን ቀን ጥርሴ ሲጠዘጥዘኝ አድሮ፣ ጎረቤት ሰላም ስትለኝ «ተመስገን፣ ምንም አልል» ብዬ ነበር። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው፤ ግን ሕመማችንን ለፈጣሪ ካልሆነ ለጠየቀን ሰው አንናገርም። ፈጣሪስ ባንነግረውም ያውቃል። ችግሩ ቀበሌ ነው፤ እሱ ካልነገሩት አያውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ሰፈራችን ስብሰባ ተጠራ። ያ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያለበሰን፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረናል። የቀበሌው ሰብሳቢ አንደበቱ ለስላሳ ልጅ ነው። «ቅድሚያ የሚሰጠውን የምትነግሩን እናንተ ናችሁ» አለ። ሁለት ነገር አቀረበልን፤ ለጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ውሃ ማስገባት፣ ወይም ለሰፈራችን መግቢያ ያማረ ባለ ቅስት በር ማሠራት። የማዋለጃው ቧንቧ ከደረቀ ወራት አልፎታል። ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ ከነጀሪካኗ ነው የምትመጣው። ሄለኔ ደግሞ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች።

«ለመሆኑ ጤና ጣቢያው እንዴት ነው?» አለ ሰብሳቢው።

ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ብድግ አሉ። ምራታቸው እዚያው በጀሪካን ውሃ ነው የወለደችው፤ ተገላገልኩ፣ ሊናገሩልኝ ነው አልኩ።

«ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ፣ ምን ይወጣለታል! ነርሶቹ ሰው አክባሪ ናቸው፣ ረቢ ይስጣቸው» ብለው ቁጭ።

በሰው ፊት ነርሶቹን ማሳጣት ነውር መስሏቸው ነው። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ እናቴ?»

«ተመስገን ነው» አልኩ። ምላሴን ምን እንደነካው እንጃ!

«ጤናው ደህና ከሆነማ በሩ ይቅደም። በጭብጨባ ይጽደቅልን!»

አጨበጨብን። የእኔማ እጅ ከሁሉም በላይ ይጮህ ነበር።

ቤት ስገባ ሄለን ሆዷን ታቅፋ ትጠብቀኛለች።

«ምን ተወሰነ?»

«በር።»

«እና የት ልውለድ እማዬ፣ በሩ ሥር?»

ለጸሎት ቆሜ «እመቤቴ፣ አንቺው አውጪን» ልል ስል ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። እሷም ማደሪያ አጥታ በረት ነው የወለደችው፤ ምን ፊት ይዤ ልለምናት?

በነጋታው አዴ ጫልቱንና ሦስት ሴቶችን አስከትዬ፣ የቀበሌው ቢሮ ሳይከፈት ደጁ ላይ ተገኘሁ። ሰብሳቢው ቁልፉን እያወጣ፣ «ምን ልታዘዝ እናቶቼ?» አለ።

«ቃለ ጉባኤውን አውጣልን ልጄ። የትናንቱን ጭብጨባ ልንመልስ ነው የመጣነው።»

«ጭብጨባ ይመለሳል እንዴ?»

«አጨብጫቢዎቹ ይኸው ተመልሰናል» አልኩና ቀድሜው ገባሁ።