ስሙ ፍራፍሬ፣ የአባቱ ስም አሲድ

ሀብታም ዘመድ የሌለው ሰው ሞልቷል። ሳይማር የቆዳ ሐኪም የሆነ ዘመድ የሌለው ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የለኝም የሚል ካለ እጁን ያውጣ። ዝም ያለ ደግሞ ዘመዱ አጠገቡ ቆማ ጉንጩን እየመረመረችው ነው ማለት ነው።

በእኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የተሸከመችው አክስቴ ናት፣ የአባቴ እህት። መተዳደሪያዋ ጨርቅ መሸጥ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ «እቴቴ» ይላታል፤ እኔ በሌለችበት «ክብርት የፊት ጉዳይ ሚኒስትር» እላታለሁ። ትምህርቷን የተከታተለችው ሱቋ ውስጥ፣ በጥቅል ጨርቆች መሃል ተቀምጣ፣ ከስልኳ ነው። ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር እውቀቷ ይጨምራል። ዘንድሮ ገበያው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁና የደረሰችበትን ደረጃ ለእናንተ ግምት እተወዋለሁ።

እቴቴ ሰላምታ አታውቅም። ሌላው ሰው «እንደምን አለህ» በሚልበት ቦታ እሷ አገጬን ትይዝና ወደ መስኮቱ ታዞረኛለች። «ኤዲያ! ይሄን ሁሉ የሞተ ቆዳ ፊትህ ላይ ከምረህ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል? ሬሳ እንኳ እንዲህ አይከርምም!» ከዚያ ትምህርቱ ይጀመራል። የላይኛው ቆዳችን የሞተ ነው፤ ሞቶም በሙጫ እንደተያዘ ሁሉ አልለቅም ይላል። የፍራፍሬ አሲድ ሲቀባ ሙጫው ይላላል፣ አሮጌው ይረግፋል፣ ከሥሩ አዲሱ ብቅ ይላል። እስከዚህ ድረስ እውነቷን ነው፤ ሐኪም ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ከዚህ ወዲያ ያለው የራሷ ፈጠራ ነው።

በፈጠራዋ መሠረት የሰው ልጅ በሙሉ በፍራፍሬ ይመደባል። ወዛም ፊት ያለው ሸንኮራ አገዳ ነው። ደረቁ ወይን ነው። ማድያት ያወጣች ሴት ሎሚ ናት፤ ሚስቴ ደግሞ ምንም እንከን ስላልተገኘባት በይቆይ ፖም ተብላለች። እኔን ወተት አለችኝ።

«እቴቴ፣ ወተት ከመቼ ወዲህ ነው ፍራፍሬ የሆነው?»

«አንተ ቆዳህ ስስ ነው። ለስስ የሚስማማው የወተት አሲድ ነው። ሳይንስ ነው፣ አትከራከር!»

ለቅሶ ቤት እንኳ ሥራ አታቆምም። ባሏ የሞተባትን ጎረቤቷን አቅፋ በጆሮዋ ስታንሾካሹክ «አይዞሽ» የምትላት መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሰማኋት። «እንባሽን በእጅሽ አትፈትጊው፤ ጨው ነው፣ የዓይንሽን ሥር ይጨርሰዋል» ነበር የምትላት። ሴትዮዋም ምን ይደረግ፣ መሐረብ ተቀበለቻት።

ስለ ፀሐይ መከላከያ ቅባት ደግሞ ባታነሱባት ይሻላል። ቆሻሻ ልትደፋ እስከ ውጭ በር ስትወጣ ቅባቷንም ፓውደሯንም ሳታደርግ ንቅንቅ አትልም። «ደመና ነው እኮ» ካላችኋት አለቀላችሁ። «ደመና ስስ መጋረጃ ነው። በስስ መጋረጃ ውስጥ ምን እንደሚያልፍ ጨርቅ ሻጭ ልታስተምሩ ነው?»

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። ከየትም የተገዛ አሲድ ፊት አይነካም። «ስሙ ፍራፍሬ ነው፤ የአባቱ ስም ግን አሲድ ነው!» ትላለች፣ ጣቷን ቀስራ። መጀመሪያ ከጆሮ ጀርባ ይሞከራል። ጠንከር ያለውን ባለሙያ ብቻ ነው የሚቀባው። የሚረግፈውን መላጥ ክልክል ነው፤ «አትንካው፣ እንግዳ ነው፣ ራሱ ይሄዳል።» ይህን ስብከት በእንቅልፍ ልቤ ልወጣው እችላለሁ።

ታናሽ እህቴም ትችላለች። ግን የቸገረው ሰው ስብከት አይሰማም። ብጉር ለዓመታት ሲመላለስባት ኖሮ በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ትቶባት ሄዷል። ሰው ሲያናግራት ፀጉሯን ወደ ፊት ታወርዳለች፤ ፎቶ ሲነሳ ሁልጊዜ አንሺዋ እሷ ናት። በዚያ ሰሞን ባንክ ተቀጠረች፤ መስኮት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ፊት ለፊት መተያየት ነው ሥራው። ቤቱ በደስታ ሲዘል እሷ በስልክ አንድ ጠርሙስ የፍራፍሬ አሲድ አዘዘች። ጠርሙሱ ላይ ያልተሳለ የፍራፍሬ ዓይነት የለም፤ ከሥሩ «ሰባ በመቶ» ይላል። ሻጩ «ንጹህ ፍራፍሬ ነው፣ ቢጠጣም ችግር የለውም» ብሏታል። እንዲህ ያለ ጭማቂ ሰው ለጠላቱም አይጋብዝም።

ሰኞ ሥራ ልትጀምር፣ ቅዳሜ ልትቀባው ስትል እቴቴ ከተፍ አለች። ማን እንደነገራት አላውቅም። እሺ፣ እኔ ነኝ።

«አምጪው!»

«አልሰጥም! እቴቴ፣ ሰኞ በዚህ ፊት እዚያ መስኮት ላይ አልቀመጥም። ሥራው ይቅርብኝ።» እያለቀሰች ነበር። እህቴ ደግሞ ይቅርብኝ ካለች ቀረ ማለት ነው።

«እሺ፣ ከጆሮሽ ጀርባ እንሞክረውና እንይ።»

«ጆሮና ፊት አንድ ነው? ልታስፈራሪኝ ነው እንጂ!»

ቀጥሎ የሆነውን ያሰበ አልነበረም። ክብርት ሚኒስትሯ ጠርሙሱን ከእጇ መንጭቃ ጥጥ አረሰችና የራሷን ግራ ጉንጭ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ ጠረገችው። «ይኸው ፊት! እዪ እንግዲህ።»

አየን። መጀመሪያ «ትንሽ ይሞቃል፤ የሚጠበቅ ነው» አለች፣ እንደ ዜና አንባቢ ቀጥ ብላ። ቀጥሎ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ግማሹ ፊቷ ብቻ ታዘዘላት። ከዚያ ክብሯን እዚያው ጥላ ወደ ቧንቧው ሮጠች። እህቴ የተረፈውን መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ለወራት ቧንቧ ሠሪ ያቃተው የተደፈነ ፍሳሽ ያን ዕለት ተከፈተ። ለሻጩ ምስጋናችን ይድረሰው።

ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ «ይድናል፤ ግን ምንም አትቀቢበት፣ ከቤትም አትውጪ» አላት። እህቴ ከአሲዱ ተረፈች፤ ከሐሳቧ ግን አልተመለሰችም። ሰኞ ጠዋት ብርድ ልብሷን ተከናንባ «አልሄድም» አለች። እናቴ ለመነች፣ እኔ ተቆጣሁ። ወደ ግድግዳው ዞረች።

በሩ ተንኳኳ። እቴቴ ናት፣ ጃንጥላ ይዛ። ያለ ፓውደር ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ግራ ጉንጯ ጠቁሯል፤ ዳር ዳሩ እንደ አሮጌ የግድግዳ ቀለም ተነስቷል። ሱቅ ሙሉ ጨርቅ ያላት ሴት ሻርፕ እንኳ ጣል አላደረገችም።

«ተነሺ። አብረን ነው የምንሄደው።»

«እቴቴ! እንዲህ ሆነሽ?»

«እንዲህ ሆኜ። ሰው ባንድ ጊዜ ሁለት ፊት አያይም። የእኔን ሲያዩ ይውላሉ።»

እህቴ የተላጠውን ጉንጭ አየችው። ከዚያ ተነስታ ጫማዋን ፈለገች።

አውቶቡሱ ውስጥ እቴቴ እንዳለችው ሆነ። አንድ ሕፃን አይቷት እናቱ ጉያ ውስጥ ተደበቀ፤ እናቱም መደበቂያ ብታገኝ አትጠላም ነበር። እህቴን ያያት የለም። ባንኩ ስንደርስ እቴቴ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር መርጣ፣ የተላጠውን ጉንጯን ወደ ተሰላፊው አዙራ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ። ጥበቃው መጥቶ «እናቴ፣ ምን ፈልገው ነው?» አላት። «ሰው እየጠበቅኩ ነው» አለችው። አንድ ሽማግሌ «ምን አገኘሽ ልጄ?» ብለው ቢጠይቋት ስለ ሸንኮራ አገዳ አሲድ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠቻቸው፤ ተራቸው አለፈባቸው። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ከቢሮው ወጥቶ አይቷት ተመለሰ።

ይህችን ሴት እወዳታለሁ። አገጬን ይዛ ስታዞረኝም እወዳታለሁ። ያን ቀን ግን ብድግ ብዬ ለተሰላፊው ሁሉ «አክስቴ ናት!» ልል ምንም አልቀረኝም።

እህቴ መጀመሪያ አንገቷን ደፍታ፣ ፀጉሯ ጉንጯን ሸፍኖት ነበር የምትሠራው። ፀጉሩ ወረቀቱ ላይ እየወረደ ሲያስቸግራት ግን ሳታስበው ሰብስባ ከኋላ አሰረችው። ሁለቱም ጉንጮቿ ወጡ። ተሰላፊው ፈርሞ፣ «አመሰግናለሁ» ብሎ ሄደ። ሌላው መጣ፤ እሱም ሄደ። ምንም አልተፈጠረም።

ያኔ እቴቴ ተነስታ ሰልፍ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ እህቴ ቀና ብላ «ምን ልታዘዝ?» አለቻት፣ ሳቋ እያመለጣት።

እቴቴ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች።

«ልጄ፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አሁን ወደ ቤቴ ብሄድ ብቻሽን ትችያለሽ? በጣም እያቃጠለኝ ነው።»

እህቴ በመስታወቱ ቀዳዳ እጇን ሰድዳ ጣቶቿን ያዘቻት።

«እችላለሁ እቴቴ» አለቻት። «ሂጂ።»