የወይዘሮ ኡሙሰልማ አራት መከዳዎች

መጀመሪያ የቁስል ፕላስተር በጥርሳቸው ይቀድዳሉ። ቁራጩን የላፕቶፑ ካሜራ ላይ ይለጥፉና በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን ያደርጉታል። ከዚያ በላዩ ሌላ ይደርባሉ። «የመጀመሪያው ቢከዳስ?» ይላሉ። የዋይፋይ ካርዱን ፈትቼ ሳቀብላቸው በመሐረብ ቋጥረው ጉያቸው ውስጥ ይሸጉጡታል። መስኮቱን ይዘጋሉ፣ የመጋረጃውን ጫፍና ጫፍ በመርፌ ያያይዛሉ፣ በሩን ይቀረቅራሉ። ዞር ብለው ደግሞ እኔን ከእግር እስከ ራስ ያዩኛል።

«አሁን የቀረኸው አንተ ነህ።»

በየሰፈሩ አንድ የማያምን ሰው አለ። ሐኪም ክኒን ሲያዝለት «እስቲ መጀመሪያ አንተ ዋጠው» የሚል፣ የሰላምታ መልስ ሰጥቶ ሳይጨርስ «ምን ፈልገህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ። ሌላው ከተማ የደረሰው ተራ ተጠራጣሪ ነው። ኮምቦልቻ ግን የሁሉንም የበላይ ይዛለች፤ ክብርት ወይዘሮ ኡሙሰልማ፣ የትራስና የመከዳ ጥልፍ ሠሪ፣ የጥርጣሬ ባለሙሉ ሥልጣን። የሥልጣናቸው ማኅተም ሁለት ቃል ናት፤ «ማን መሰከረለት?»

ወተት ሻጯን «ላሟን አሳዪኝ» ብለው ገራዶ ድረስ ሄደዋል። ላሟን አይተውም «ይቺ ላም ያንቺ ለመሆኗ ማን መሰከረላት?» ብለዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሚኒባስ አስቁመው ሹፌሩን ፍሬን አስረግጠውታል። አንዴ አይደለም። ሲወርዱ ሁልጊዜ ነው።

እኔ ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ እንየው እባላለሁ። ቴክኒክና ሙያ ያስተማሩኝ ስለ ሽቦ እንጂ ስለ ሰው አልነበረም። ክብርትነታቸው እጄ ላይ የወደቁት ኢንተርኔት እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ በሚጠፋበት በ2009 ዓ.ም. ነው። ትልቋ ልጃቸው መዲና ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። የመጀመሪያ ደመወዟን «አደርስልሻለሁ» ያለ ሰው ይዞት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ከአንዲት ፊሊፒናዊት ባልደረባዋ ቢትኮይን የሚባል የኢንተርኔት ገንዘብ ተምራ፣ ላቧን በዚያ አጠራቅማ ወደ አገሯ ለመመለስ ቆረጠች። የገንዘቡ ምስጢራዊ ቁልፍ ግን እሷ ጋ እንዲሆን አልፈለገችም፤ አሠሪዎቿ ስልኳን እየቀሙ ይበረብራሉ። ቁልፉ እናቷ ጋ ይሁን አለች።

እናቷ የሰሙት ነገር አላማራቸውም። ባንክ የለው፣ ሊቀመንበር የለው፣ ማኅተም የለው።

«ማን መሰከረለት?»

«ሁሉም ሰው ነው የሚመሰክረው፣ እትዬ። ገንዘቡ ሲንቀሳቀስ በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል። አንዱ ቢዋሽ ሌላው ያጋልጠዋል።»

«እንደ ቅሬ ነው በለኛ» አሉ። ቅሬ የኛ አገር እድር ነው፤ ማን መዋጮ እንደከፈለ፣ ማን ከቀብር እንደቀረ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ያሮጌ ላፕቶፓቸውን ዊንዶውስ አጥፍቼ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሥርዓት ልጭንበት ስል ሌላ ችሎት ተከፈተ።

«ስንት ነው?»

«በነፃ ነው።»

«በነፃ? ምን ፈልገው ነው?»

«ውስጡ ለማንም ክፍት ነው፤ ያሻው ሰው ሊያየው ይችላል።»

«አንተ አይተኸዋል?»

«ሁሉንም እንኳ...»

«እህ!»

የቢትኮይን ቦርሳ የሚባለውን ፕሮግራም ከሠሪዎቹ ገጽ አወረድኩ። ጀማሪ ሁሉ ወድቆ የሚሰበርባት ቦታ ይቺ ናት፤ ፋይሉ በእርግጥ ከሠሪዎቹ እጅ የወጣ ይሁን አስመስሎ የተሠራ፣ የሠሪዎቹን ዲጂታል ፊርማ ሳያመሳክር «እሺ፣ እሺ» እያለ ይጭነዋል። ስንቱን ለምኜ አስተምሬያለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። ለእሳቸው «አሁን የፈራሚውን ፊርማ እናጣራለን» ስላቸው ፊታቸው እንደ ኢድ ጠዋት በራ።

«እንደዚህ በላ! ድገመው።»

ደገምኩት። ቡና እንኳ ሳያቀርቡልኝ እንደገና አስደገሙኝ።

ከዚያ ማሽኑን ከኔትወርክ አላቅቀን ቦርሳውን ከፈትን። ቦርሳው በቁልፍነት አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጣል። ላፕቶፑ ቢቃጠል እንኳ ቃላቱን የያዘ ገንዘቡን ያገኛል፤ ቃላቱን ያጣ ግን የሚያመለክትበት ቢሮ የለም። ይህን ነግሬያቸው ሳልጨርስ «ዞር በል!» አሉኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከኋላዬ የሰማሁት የመርፌ ድምፅ ነበር።

«ወረቀት አይጥ ይበላዋል። መከዳ ማን ይጠረጥራል?» አሉ።

ልክ ናቸው። ትራሱ ሁሉ «ስዊት ድሪምስ» እና «ዌልካም» የተጠለፈበት አገር ነው። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ጠላፊዎቹም ራሳቸው ፊደሉን እንደ አበባ ቅርጹን አይተው ነው የሚሠሩት። አራት መከዳ፣ በየመከዳው ሦስት ቃል። እሳቸው ከመከዳዎቹ ላይ እያዩ ቃላቱን እየጻፉ፣ እኔ ግድግዳ እያየሁ፣ ቦርሳውን አጥፍተን መልሰን ከፈትነው፤ ሠራ። የመቀበያ አድራሻውን ለመዲና ላክንላት።

«በል አሁን ላፕቶፑን ደምስሰው። ሌባ የሚወስደው እሱን ነው።»

«እትዬ፣ እንግዲያው ቃላቱን ሌላ ቦታም ያስቀምጡ። አንድ ቅጂ ቅጂ አይባልም። ቤት ይቃጠላል፣ ጎርፍ አለ...»

«ሌላ ቦታ ማን ጋ? አንተ ጋ?»

ደመሰስኩት።

መዲና ስታጠራቅም ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ክብርትነታቸው ሱቄ መጥተው፣ የደመሰስኩት በእርግጥ መደምሰሱን ሲመረምሩኝ ስልካቸው ጮኸ። ትንሿ ልጃቸው ፋኢዛ ናት።

«እማ፣ ጋሽ በሺር አረፉ።» ጎረቤታቸው ናቸው።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! ደግ ሰው ነበር። ጀመዓው መጣ?»

«መጥቷል። ቅሬዎቹም ምንጣፍና መከዳ እየሰበሰቡ ነው። ያንቺን አራቱንም ሰጠኋቸው።»

ለለቅሶ የተጠየቀ ዕቃ አይከለከልም። ክብርትነታቸው ዓለሙን ሁሉ ሲጠረጥሩ ቅሬን መጠርጠር ግን ረስተው ነበር። ተያይዘን ሐረጎን ስንወርድ ሹፌሩ ከልምዱ ፍሬን ሊረግጥ ሲል ትከሻውን መቱት፤ «ንዳው አቦ!»

ድንኳኑ ውስጥ ሦስቱን መከዳ ቶሎ አገኘናቸው፤ ፋኢዛ ሲመሽ ትወስዳቸዋለች ተባለ። አራተኛው ከአባ ወልደ ሚካኤል ጀርባ ሥር ነው። ቄሱ የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ለለቅሶው ከቦሩ ሜዳ ነው የመጡት።

«አባቴ፣ እሱ ይጎረብጥዎታል፤ ልቀይርልዎ?»

«ተይ ልጄ። ወገቤ እንዲህ ያለ ምቾት ካገኘ ስንት ዘመኑ!»

ወይዘሮ ኡሙሰልማ አለቀሱ። ከሟቹ ቤተሰብ በላይ አለቀሱ። ሴቶቹ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» እያሉ ደግፈው ያዟቸው። አንዲት ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጋሽ በሺርን እንዲህ ትወዳቸው ኖሯል?» አለችኝ። እኔ የማየው የመዲናን ላብ በሽማግሌ ጀርባ ሥር ነው።

ይባስ ብሎ ቄሱ ሊሄዱ ሲነሡ የሟቹ ልጅ መከዳውን አነሣ። «አባ፣ ለመንገዱ ይያዙት። ከጓደኛዎ ቤት ማስታወሻ ይሁንዎ።» የራሱ መስሎት ነው። ለቅሶ ቤት «የኔ ነው፣ መልስ» የሚል ማን ነው?

በማግሥቱ ቦሩ ሜዳ ወጣን። አባ ወልደ ሚካኤል ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው፤ መከዳው ከጀርባቸው ነው።

«አባቴ፣ ጥልፉ ተተርትሮ እንደሆነ ልይልዎ?»

«እይልኝ ልጄ።»

ክብርትነታቸው መከዳውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከሻርፓቸው ጫፍ መርፌ አወጡ። የተተረተረ የሚጠግኑ መስለው ሦስቱን ቃላት ፊደል በፊደል ወደ ሻርፓቸው ጠርዝ ገለበጡ። እኔ ሳይነግሩኝ ዞርኩ።

«ለመሆኑ ጽሑፉን ያነበበልዎ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

«ዓይኔማ ከደከመ ቆየ። ቤቴም ፊደል የቆጠረ አይመጣም። ጀርባዬ ወዶታል፣ ይበቃኛል።»

ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ማን መሰከረለት?» አሉ በሹክሹክታ። ግን መከዳውን በእጃቸው አደላድለው መልሰው ከሽማግሌው ጀርባ ሥር አስቀመጡት። ሚኒባስ ስንጠብቅ የሻርፓቸውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጠፉ።

«ሌላ ቦታ አስቀምጪ አላልከኝም? ይኸው አስቀመጥኩ» አሉኝ።

መዲና አምና ተመለሰች። ገንዘቡን በቃላቱ አውጥታ፣ ፒያሳ ከኔ ሱቅ ሁለት በር ዘልላ የጨርቅ ሱቅ ከፍታለች። እናቷ ሱቁን ሊመርቁ የመጡ ቀን ለወንበሬ መከዳ አመጡልኝ። በአማርኛ «ማን መሰከረለት?» ተጠልፎበታል፤ ከሥሩ በትንሽ ክር «እኔ»። ቀና ብዬ ሳያቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ አሮጌዎቹ ቃላት ዋጋ ካጡ በኋላ ነው። አሁን አዲስ ቦርሳ፣ አዲስ ቃላት፣ አዲስ መከዳዎች አሉ። የት እንዳሉ አላውቅም። ለቅሶ ደግሞ አይቀርም። «አንባቢዎችህ እነማን ናቸው? ማን መሰከረላቸው?» ብለው ሲያበቁ አንድ ነገር እንድለምናችሁ አዘውኛል፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ ባዕድ ፊደል የተጠለፈበት መከዳ ከደረሳችሁ፣ ጀርባችሁን ስጡት፣ ዓይናችሁን አትስጡት።