የሙሽራው ሱሪ ጠበቃ

በየሰፈሩ ሲኒማ ከተዋናዩ ቀድሞ የሚናገር ሰው አይጠፋም። ከጠፋ ሲኒማው ተዘግቷል ማለት ነው። የእኛ የፓግራቲ ሰፈር ተናጋሪ ክቡር ኪር አናርጊሮስ ናቸው፤ «ኪር» በአገራችን «አቶ» ማለት ነው፤ ከኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሾፌርነት ጡረታ ወጥተዋል፣ ከወሬ ግን አልወጡም።

ፊልማቸው አንድ ብቻ ነው፤ «የሙሽራው ሱሪ»። ጥቁርና ነጭ ነው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል። በሠርጉ ቀን ሱሪው ልብስ ሰፊ ቤት የቀረበት ምስኪን፣ መጋረጃ አገልድሞ አማቱ ፊት ይቆምና «እኔ ዝግጁ ነኝ፤ ያልተዘጋጀው ሱሪዬ ነው!» ይላል። አገሩ ሁሉ ይቺን ቃል ያውቃታል። አውቶቡስ ሲዘገይ፣ ሚኒስትር ቃሉን ሲያጥፍ፣ «ሱሪው ነው!» እንባባላለን።

ፊልሙ ሲወጣ ግን አንድ ጋዜጣ «የጥበብ ውርደት» ብሎ ጽፎበት ነበር። ኪር አናርጊሮስ ዛሬም ይቅር አላሉትም። «ጋዜጠኛው ሞተ፣ ጋዜጣውም ተዘጋ፤ ሱሪው ግን አለ!» ይላሉ። ማን ጠየቃቸው? ማንም። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ነው የሚሉት።

ፊልሙ በበጋ በየሳምንቱ ይታያል፤ እሳቸው ሲኒማ ሲገቡማ አይጣል ነው! ከሙሽራው ቀድመው፣ ከአማቲቱ ቀድመው፣ በር ሊንኳኳ ሲል እንኳ «ኳ! ኳ!» ብለው ቀድመው። «አሁን! አሁን እዩት!» እያሉ ጎኔን በክርናቸው ጨርሰውታል።

ዘንድሮ ሰው መረረው። የሲኒማው ባለቤት ወይዘሮ፣ ኪሪያ ሜሮፒ፣ በር ላይ አስቆመቻቸው። «ኪር አናርጊሮስ፣ አንዲት ቃል ካመለጠችዎት ሁለተኛ ከዚህ በር አይገቡም። አበቃ!»

«ድንጋይ እሆናለሁ» አሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከዚህ ጣሪያ ከሌለው የሲኒማ ግቢ ሌላ መሄጃ እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን።

እውነትም ድንጋይ ሆኑ። አፋቸውን በዱባ ፍሬ ሞልተው፣ ወንበሩን ጨምድደው ተቀመጡ። ፊልሙ ተጀመረ። የሚስቅ ጠፋ። ለካ እስከ ዛሬ የምንስቀው እሳቸውን ተከትለን ኖሯል! ግቢው ለቅሶ ቤት መሰለ።

ሙሽራው መጋረጃውን አገልድሞ ብቅ አለ። ኪር አናርጊሮስን ላብ አጠመቃቸው። ይሄኔ ከጎናቸው የተቀመጠ አንድ ባለጌ ጮኸ፦ «እኔ ዝግጁ ነኝ፤ ያልተዘጋጀው ኮፍያዬ ነው!»

«ምን?» ብድግ አሉ። የዱባው ፍሬ ተበተነ። «የምን ኮፍያ! ሱሪዬ! አንተ ከንቱ፣ ሱሪዬ ነው እንጂ! ሱሪዬ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። በዙሪያው ባሉ ቤቶች በየበረንዳው ሆነው በነፃ የሚያዩት ሳይቀሩ «ሱሪዬ!» እያሉ አስተጋቡ። ኪሪያ ሜሮፒ ባትሪዋን እያበራች መጣች። ሽማግሌው ያደረጉት ገባቸው፤ ምርኩዛቸውን አንሥተው አንገታቸውን ደፍተው ወደ በሩ አመሩ።

«ወዴት ነው?» አለቻቸው። «ይቀመጡ እንጂ! ደግሞ ጮክ ይበሉ፣ ከኋላ አይሰማም።»

ያ ባለጌ እኔ ነኝ። ሱሪ መሆኑ ጠፍቶኝ እንዳይመስላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «ጫማዬ ነው» ልል ቆርጬአለሁ።