በዐሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ያለቀሰው ጊታር

የሊማሊሞ ብሉዝ ባንድ አስተባባሪ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ጥር 25 ቀን 2011 ዓ.ም.
ቦታ፦ ደባርቅ፣ ወ/ሮ የሺወርቅ ሆቴል፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ያለው ክፍል
የተጠራበት ሰዓት፦ 7፡00። የተጀመረበት፦ 8፡10።

የተገኙ አባላት
1. አቶ ሀብተ ሚካኤል፣ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር
2. መሪጌታ ገብረ ሚካኤል፣ የበገና መምህርና የኮሚቴው አማካሪ
3. ወ/ሮ የሺወርቅ፣ የሆቴሉ ባለቤትና የባንዱ ንብረት ኃላፊ
4. አቶ ገዱ፣ አንደኛ ጊታር
5. አቶ የሺዋስ፣ እሳቸውም አንደኛ ጊታር (ሁለተኛ ተብሎ እንዳይጻፍ አሳስበዋል)
6. ሰገነት ደምለው፣ ጸሐፊ። ሦስተኛ ጊታርም ትጫወታለች።

ያልተገኙ፦ አቶ ስሜነህ፣ ድራም መቺ። ሁለት በቅሎ ጭነው ቱሪስት ይዘው ስሜን ተራራ፣ ሳንቃ በር ወጥተዋል።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ 4 መሠረት ሰባቱም አባላት ካልተገኙ የሚተላለፍ ውሳኔ አይጸናም። አንቀጹ የገባው የቀረ ሰው ሁሉ በማግስቱ "እኔ በሌለሁበት" እያለ ስላስቸገረ ነው። አቶ ስሜነህ ባይኖሩም ሦስተኛዋ በቅሏቸው ሆቴሉ በር ላይ ታስራ ስለተገኘች፣ ሰብሳቢው "በቅሎው ካለች እሱም ሩቅ አይሆንም" ሲሉ እንደ ተገኙ እንዲቆጠሩ ሐሳብ አቀረቡ። በቅሎዋ በር ላይ እስካለች ድረስ ምልዓተ ጉባኤው የተሟላ ነው ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ፊርማን በተመለከተ፦ አባላት ስብሰባ ሲያልቅ ለመውጣት ስለሚጣደፉ፣ እንደ ልማዳችን ሁሉም የቃለ ጉባኤው መጨረሻ በሚሆነው ባዶ ገጽ ግርጌ ላይ ከወዲሁ ፈረሙ። ወ/ሮ የሺወርቅ ሳይነበብ መፈረም ደግ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ሰገነት ታማኝ ልጅ መሆኗን፣ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ የራሷን ሐሳብ ጽፋ እንደማታውቅ ገለጹ። ጸሐፊዋ አመስግናለች።

አጀንዳ
1. በቀረጻው 14ኛ ደቂቃ ላይ የሚሰማው ጊታር የማን እንደሆነ ማጣራት
2. ወደ ጎንደር የሚሄደውን ሰው መምረጥ
3. ልዩ ልዩ

አጀንዳ 1

ሰብሳቢው ጉዳዩን እንዲህ አስረዱ። ባለፈው እሑድ በዚሁ ሆቴል ግቢ ያቀረብነው ኮንሰርት በስልክ ተቀርጾ ጎንደር ደርሷል። እዚያ ከነገ ጀምሮ ለሦስት ቀን የሙዚቃ ድግስ የሚያዘጋጁት ሰዎች ሰምተውት "በዐሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ጊታሩን የሚያስለቅሰውን ሰው ላኩልን፣ ሌላ ሰው እንዳትልኩ" ብለው ጽፈዋል። ወደ ጎንደር የሚሄደው የመጨረሻ መኪና 11 ሰዓት ላይ ይነሣል። ችግሩ ስልኩ የተደገፈው የገብስ ጆንያ ላይ ስለነበረና ካሜራው ወደ ጆንያው ስለዞረ፣ ለሃያ ሁለት ደቂቃ የሚታየው "50 ኪሎ" የሚል ጽሑፍ ብቻ መሆኑ ነው።

ቀረጻው ተከፈተ። 14ኛው ደቂቃ ሲደርስ ሁሉም ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። ጊታሩ አንድ ድምፅ ይዞ ወደ ላይ ይጎትታል፣ ድምፁ በጉሮሮው እንደሚያጉረመርም ሰው ይነዝራል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሲያልቅ አቶ ገዱና አቶ የሺዋስ በአንድ ጊዜ "የኔ ነው" አሉ።

መሪጌታ ይህ ብሉዝ የሚባለው ሰውዬ የሚያለቅሰው ንስሐ ገብቶ ነው ወይስ ተበድሎ እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢው ተበድሎ ነው ሲሉ መለሱ። መሪጌታ "እንግዲያው አቤቱታ ነው፣ ቀበሌ ይውሰደው" የሚል አስተያየት ሰጥተው ዝም አሉ።

አቶ ገዱ ያን ፊሊንግ ደባርቅ ውስጥ ከእሳቸው በቀር የሚያወጣው ጣት እንደሌለ፣ ለዚህም በዕለቱ የተላጠ አመልካች ጣታቸው ምስክር መሆኑን ገለጹ። አቶ የሺዋስ ጣቱ የተላጠው ድንች ሲልጡ መሆኑን ገልጸው፣ ቃናው የእሳቸው እንደሆነ፣ እናታቸውም ሰምተው እንዳወቁት ተናገሩ። አቶ ገዱ የአቶ የሺዋስ እናት በዕለቱ ጃናሞራ ልቅሶ ላይ እንደነበሩ አስታወሱ። አቶ የሺዋስ "እናት ከጃናሞራም ትሰማለች" አሉ። ሰብሳቢው ሥርዓት እንዲጠበቅ አሳሰቡ።

በመቀጠል 9ኛው ደቂቃ ተደመጠ። እዚያ ላይ አንድ ጊታር ከዘፈኑ ወጥቶ ለብቻው ሲባዝን ይሰማል። አቶ ገዱም አቶ የሺዋስም "የኔ አይደለም" አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ የ9ኛው ደቂቃ ጥፋት የሦስተኛ ጊታር እንዲሆን ተወሰነ። ጸሐፊዋ በዚያ ደቂቃ ዘግይተው ለመጡ እንግዶች ወንበር እንድትደረድር ታዝዛ ከመድረክ ወርዳ እንደነበር ለማስረዳት እጇን አወጣች። ዕድል አልተሰጣትም።

ሁለቱም ጊታራቸውን አምጥተው የ14ኛውን ደቂቃ ቃና እዚሁ እንዲያሰሙ ታዘዙ። አቶ ገዱ ሞከሩ፣ አልነዘረም። ምክንያቱ የደባርቅ ብርድ ክሩን ስላደረቀው ነው ብለዋል። አቶ የሺዋስ ሞከሩ፣ አልነዘረም። ምክንያቱ ጆንያው ስለሌለ ነው፣ ያን ቃና የሰጠው ገብሱ ነው ብለዋል። ጆንያው እንዲመጣ ተወሰነ። ወ/ሮ የሺወርቅ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በሶ መሆኑን አስታወቁ። በሶው እንዲመጣ ተወሰነ። በሶው በሳህን ቀርቦ አቶ የሺዋስ ፊት ለፊቱ ሲጫወቱ ተደመጠ። ቃናው አልተለወጠም። በሶው ግን ተበልቷል።

በዚህ መካከል መሪጌታ 14ኛው ደቂቃ እንዲደገም ጠየቁ። ተደገመ። አሁንም እንዲደገም ጠየቁ። ሰብሳቢው ያዩት ነገር ካለ እንዲነግሩን ለመኗቸው። መሪጌታ "ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር" ካሉ በኋላ የሚከተለውን አስረዱ።

ከኮንሰርቱ በፊት ባለው ሐሙስ ሰገነት ጊታሯ ድምፁ ሞተብኝ ብላ ቤታቸው ይዛው መጥታ ነበር። እሳቸው የጊታር ነገር አያውቁም። በገና ሲሞትባቸው ግን ከክሩ ሥር፣ ክሩ በሚያርፍበት እንጨት ላይ እንዚራ የሚባለውን ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ያስገባሉ፣ ያን ጊዜ በገናው ይነዝራል። ለጊታሩም እንደዚያው አደረጉለት። እስከ አሁን ያልተናገሩት የበገና ነገር ለዘፈን ዋለ ተብለው እንዳይታሙ ነው። ቆዳውን የቆረጡት ግን ከበገናቸው ሳይሆን ከአሮጌ ጫማቸው ምላስ ስለሆነ ኅሊናቸው ንጹሕ ነው። ቀረጻው ላይ የሚሰማው የእንዚራው ድምፅ መሆኑን፣ እንዚራ ያለው ደግሞ በሰገነት ጊታር ላይ ብቻ መሆኑን መሰከሩ። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እናንተም አይፈረድባችሁም" ሲሉም ሁለቱን አጽናኑ።

የጸሐፊዋ ጊታር ከእቃ ክፍል መጣ። ከክሮቹ ሥር ስድስት ጥቁር የቆዳ ቁራጮች ተገኙ። ወ/ሮ የሺወርቅ አሽትተው የጫማ ቀለም ሽታ መሆኑን አረጋገጡ።

አቶ ገዱና አቶ የሺዋስ ባንዱ ከተመሠረተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው የጋራ ሐሳብ አቀረቡ። ያለቀሰው ጫማው እንጂ ተጫዋቹ ስላልሆነ፣ የጫማው ባለቤት መሪጌታ ይሂዱ የሚል ነው። መሪጌታ ተማሪ በትኖ መሄድ እንደማይሆንላቸው፣ ግድ ከሆነ ጫማው ብቻውን ሊሄድ እንደሚችል ገለጹ።

ሰብሳቢው ጸሐፊዋ እዚሁ እንድታሰማ አዘዙ።

(ከዚህ በኋላ ለስድስት ደቂቃ ያህል ቃለ ጉባኤ አልተያዘም። የጸሐፊዋ እጅ ሥራ ላይ ነበር።)

ጸሐፊዋ ወደ መዝገቡ ስትመለስ ወ/ሮ የሺወርቅ ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጉ ነበር። የወጥ ቤቱ ጭስ ነው ብለዋል። ወጥ ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ እሳት አልነደደበትም። አቶ ገዱ መሬት መሬት ያዩ ነበር። አቶ የሺዋስ የበሶውን ሳህን ይዘው ቀሩ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የ14ኛው ደቂቃ ጊታር የሰገነት ደምለው መሆኑ ተረጋግጧል፣ ይመዝገብ አሉ። ተመዝግቧል። ጸሐፊዋ ደስ ብሏታል፣ ይህኛው ይመዝገብ ያለ ሰው ግን የለም።

9፡25 ላይ የአቶ ስሜነህ በቅሎ ገመዷን በጥሳ በሳንቃ በር መንገድ ሄደች። ጸሐፊዋ በመስኮት አይታ እጇን አወጣች። ሰብሳቢው "ቆይ ሰገነት፣ አጀንዳ እየቀየርን ነው" አሉ።

አጀንዳ 2

ሰብሳቢው ሰገነት መሄድ የሚገባት መሆኑ ባያከራክርም አንድ እንቅፋት መኖሩን ጠቆሙ። ማክሰኞ ስብሰባ አለ። ሰገነት ከሄደች ቃለ ጉባኤ ማን ይይዛል? ጊታር ተጫዋች ሦስት አለን፣ ጸሐፊ ግን አንድ ናት። አቶ ገዱ የእጅ ጽሑፋቸው ለራሳቸውም እንደማይነበብ ገለጹ። አቶ የሺዋስ መነጽራቸው ዳባት መቅረቱን ገለጹ። አቶ የሺዋስ መነጽር ሲያደርጉ ያየ ሰው የለም።

ወ/ሮ የሺወርቅ "ልጅቷ ስድስት ዓመት ሙሉ የናንተን ወሬ ስትጽፍ ኖራለች፣ አንድ ቀን ብትወጣ ምናለ?" ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ጥያቄው ተገቢ መሆኑን፣ ነገር ግን ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን ገለጹ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ።
ሀ. ሰገነት ደምለው በምስጋና ደብዳቤ እንድትመሰገን። ደብዳቤውን ራሷ ትጻፈው።
ለ. የሰገነትን ጊታር ይዘው ከደባርቅ እስከ ዳባት አቶ ገዱ፣ ከዳባት እስከ ጎንደር አቶ የሺዋስ ተጫዋች ሆነው እንዲሄዱ።
ሐ. ጎንደር ላይ ጊታሩ ካልነዘረ፣ መንገድ ላይ ጉንፋን ይዞታል ተብሎ እንዲገለጽ።

አጀንዳ 3

ጊዜ ስላለቀ አልተነሣም። ሰብሳቢው ስብሰባውን በ10፡20 ዘጉ። አቶ ገዱና አቶ የሺዋስ ልብስ ለመቀየር ወደየቤታቸው ሮጡ። ጊታሩን ማን ይያዝ የሚለው ስላልተወሰነ፣ ጊታሩ ጸሐፊዋ ዘንድ ቀረ።

ተጨማሪ ውሳኔ

ጸሐፊዋ መዝገቡን ስታስተካክል የሚከተለውን አረጋግጣለች። በደንባችን አንቀጽ 4 እና ዛሬ በሙሉ ድምፅ በጸደቀው መሠረት ምልዓተ ጉባኤው የሚጸናው በቅሎዋ በር ላይ እስካለች ድረስ ነው። በቅሎዋ 9፡25 ላይ ሄዳለች። ስለዚህ ከ9፡25 በኋላ የተወሰነው ሁሉ፣ ደብዳቤውም፣ ዳባት ላይ መቀያየሩም፣ ጉንፋኑም ተሽሯል። ከ9፡25 በፊት ከተወሰነው ደግሞ የ9ኛው ደቂቃ ጥፋት በሦስተኛ ጊታር ላይ መጣሉ ተሽሯል፣ ይኸኛው በበቅሎዋ ሳይሆን በእውነት ምክንያት ነው። ጸንቶ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የ14ኛው ደቂቃ ጊታር የሰገነት ደምለው ነው። ጎንደሮች የጠሩት እሱን የተጫወተውን ሰው ነው። ስለዚህ እሷ እንድትሄድ ተወስኗል። የተገኙት አባላት በሙሉ ከወዲሁ ፈርመውበታል፣ ፊርማቸው ከግርጌ ይታያል።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ በስድስት ዓመት ጸሐፊነቴ የበላሁት ይህን አንድ አንቀጽ ነው፣ አልቆጨኝም።

ጽሑፉ ከዚህ በላይ ባሉት ጥቂት መስመሮች ስለተንቀጠቀጠ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መንገዱ ነው፣ ጊታሩም ጭኔ ላይ ነው። መኪናው ልክ በ11 ሰዓት ተነሥቷል፣ ልብስ ሊቀይሩ የሮጡት ሁለቱ አልደረሱበትም። መዝገቡ በመኪናው ረዳት በኩል ተመልሶ ለወ/ሮ የሺወርቅ ይሰጣል። የማክሰኞውን ቃለ ጉባኤ አቶ ገዱ ይያዙ፣ ካልተነበበላቸው አቶ የሺዋስ መነጽራቸውን ያውሷቸው። ሳልፍ ፈልጌው ነበር፣ መነጽሩ ዳባት ላይ የለም።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡50 ላይ፣ ከዳባት ወጣ ብሎ፣ ተዘግቷል።