የጋሽ ወርቁ ክንፍ

ቴሌቪዥን በተሰቀለበት ሻይ ቤት ሁሉ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ከተማ የኳስ ሊቅ ይደርሰዋል፣ ሌላው የጦር ሜዳ ተንታኝ። ለሸዋ ሮቢት የደረሷት ሊቀ ነፋሳት ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ሙያቸው ልብስ ሰፊ፣ እውቀታቸው የእሽቅድድም መኪና ክንፍ።

እትዬ ፈለቀች ሻይ ቤታቸው ውስጥ ዲሽ ያስገቡት ለኳስ ነበር። ጋሽ ወርቁ ግን እሁድ እሁድ፣ ከኳሱ በፊት የመኪና ውድድር እንዳለ ደረሱበት። ከዚያ ወዲያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጥተው ከፊት ይቀመጣሉ። ማን ቀደመ፣ ማን ተገለበጠ ደንታቸው አይደለም። እሳቸው የሚያዩት አፍንጫውና ጅራቱ ላይ የተገጠመውን ክንፍ ብቻ ነው።

ባለ ባጃጁ ኤርሚያስ አጠገባቸው የሚቀመጠው ወዶ አልነበረም። አርፍዶ ስለሚመጣ ሌላ ባዶ ወንበር አያገኝም፤ እዚያች ወንበር ላይ ደግሞ የሚያውቃቸው ሰው አይቀመጥም።

«እየው እንግዲህ» ይሉታል፣ ተነስተው ሜትሩን የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ እየዘረጉ። «ቀዮቹ መኪኖች የፊት ክንፋቸው ሁለት እጥፋት ነበር። ዛሬ ሦስት አድርገውታል። ከማን ሰረቁ? ከብርማዎቹ። ብርማዎቹ ደግሞ ነፋሱ ጎማ ላይ እንዳይጋጭ ጠርዙን ወደ ላይ ቀልብሰውታል። ሰማያዊዎቹ ገና ያምና ስፌት ላይ ናቸው፤ ያሳዝናሉ።»

«ጋሼ፣ የሚመራው እኮ ሰማያዊው ነው።»

«ለዛሬ ነዋ። ነገሩ ያለው ክንፉ ላይ ነው።»

ይህችን ቃል የማይሰኩበት ቦታ የለም። አውቶቡስ ከደብረ ሲና ዘግይቶ ሲወርድ ነገሩ ያለው ክንፉ ላይ ነው። የሰው ሠርግ ሲፈርስም እንደዚያው። አንድ ጊዜ እትዬ ፈለቀች ሻዩ ለምን እንደቀዘቀዘ ተጠይቀው፣ እሳቸው ከመመለሳቸው በፊት ቤቱ ሁሉ ባንድ አፍ መለሰላቸው።

ኤርሚያስ ሲሰማ ሲሰማ ሳይወድ ተማረ። የአውሮፕላን ክንፍ ወደ ላይ ያነሳል፤ የመኪናው ግን ተገልብጦ የተሠራ ስለሆነ ወደ መሬት ይጫናል። መንገዱ ቀጥ ሲል ሾፌሩ የኋላውን ክንፍ እንደ መስኮት ይከፍተዋል፣ ነፋሱ ሾልኮ ያልፋል፣ መኪናውም ይፈተለካል።

እንግዲህ መናኸሪያው በር ላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። በሚያዝያ ፀሐይ የባጃጅ ወንበር ሱሪ ያሳርራል፤ ተሳፋሪም ጥላ ስር ወደቆመው እንጂ ወደ ሌላው ዞር ብሎ አያይም። ስለዚህ የገበያ ተራና የመናኸሪያ ተራ ባጃጆች በየዓመቱ ለዳግማይ ትንሣኤ ከየተራቸው አንድ አንድ ሰው መርጠው፣ ከከተማው መውጫ እስከ ድልድዩ ይሽቀዳደማሉ። ያሸነፈው ተራ ዓመቱን ሙሉ ሾላው ስር ይቆማል። የገበያ ተራ ሁለት ዓመት ተሸንፎ ሁለት ዓመት ተጠብሷል። በሁለት ሺህ አራት ዕጣው ኤርሚያስ ላይ ወጣ፤ ጓደኞቹም «ጥላውን ሳትይዝ እንዳትመለስ» አሉት።

ጭንቀቱን ለጋሽ ወርቁ ማዋየቱ ነው የበደለው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰው ልብስ ወደ ጎን ተጣለ። ከሠርግ ድንኳን በተረፈ ቀይና ነጭ ሸራ፣ በብረት ላይ የተወጠረ፣ የቀዮቹን እጥፋትና የብርማዎቹን ጠርዝ ያጣመረ ክንፍ ተሰፍቶ ባጃጁ ጣሪያ ላይ ከኋላ በኩል ተገጠመ። ገመዷ ስትሳብ ይከፈታል።

የመናኸሪያው ተወዳዳሪ ብርሃኑ አይቶት «ኤርምዬ፣ ሙሽራዋ የታለች?» አለ።

በውድድሩ ቀን መንገዱ ቀጥ ሲል ኤርሚያስ ገመዱን ሳበ። ክንፉ ተከፈተ፣ ነፋሱም ገባ። ገባና ቀረ። ጋሽ ወርቁ በአርባ ዓመት ሙያቸው ገበር የሌለው ሥራ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅምና፣ የክንፉን መስኮት ከኋላ በኩል በጥሩ ገበር አሳምረው ደፍነውት ነበር። ባጃጁ ወደ ኋላ የሚጎትተው ሰው ያለ ይመስል ተንቀራፈፈ። አህያ የሚነዱ አንድ የቀወት ገበሬ እስከ ድልድዩ ድረስ ከጎኑ እየሄዱ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠየቁት።

ሾላው ቀረ። ጓደኞቹ አኮረፉት። ገመዱ ተቀርቅሮ ክንፉ አልታጠፍ ስላለ፣ ኤርሚያስ በማግስቱ ረፋድ ላይ በንዴት እየጨሰ ልብስ መስፊያው በር ላይ ባጃጁን አቆመና መቀስ ጠየቀ።

ጋሽ ወርቁ መቀሱን አቀበሉት። «ቅደደው ልጄ። ገበሩ ነው ጉድ የሠራህ። ነፋሱ መውጫ እንደሚፈልግ አላወቅኩም።»

ሸዋ ሮቢት ውስጥ «አላወቅኩም» ከሳቸው አፍ ሲወጣ የሰማ ሰው አልነበረም። ኤርሚያስ መስማቱን ጠላው። መቀሱን ይዞ ወደ ባጃጁ ዞረ።

ክንፉ ስር ሦስት ሴቶች ከነዘንቢላቸው ቆመዋል። አንዷ «አቤት ጥላ» አለች። «ሾላው ድረስ በዚህ ፀሐይ ማን ይሄዳል? በል ውሰደን።»

ከሰዓት አምስት ጊዜ ተመላለሰ። በሳምንቱ መጨረሻ የገበያ ተራ ባጃጆች በሙሉ ክንፍ አወጡ፤ ሁሉም ገበር ያለው። አንድ ቀን ብርሃኑም ልብስ መስፊያው በር ላይ ባርኔጣውን እያሻሸ ቆመ።

«ጋሼ፣ ለኔም ይስፉልኝ።»

ጋሽ ወርቁ ደስ ብሏቸው ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሊያወርዱ ሲሉ ኤርሚያስ እጃቸውን ያዘ።

«ጋሼ፣ የቡድን ምስጢር ለተፎካካሪ ይሰጣል እንዴ?» ወደ ብርሃኑም ዞሮ «አንተ ሾላ አለህ» አለው።

«ሾላው እኮ ስነዳ አይከተለኝም።»

«እሱማ ነገሩ ያለው ክንፉ ላይ ነው» አለ ኤርሚያስ፤ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠው።

በዚያ እሁድ በጊዜ መጣ። ሻይ ቤቱ ገና አልሞላም፤ ከኋላ፣ ከመስኮቱ በኩል፣ የፈለገውን ያህል ወንበር ነበረ። ኤርሚያስ ሁሉንም አልፎ ጋሽ ወርቁ አጠገብ ተቀመጠና ሁለት ሻይ አዘዘ።

«እህ ጋሼ» አለ። «ብርማዎቹ ዛሬ ስንት እጥፋት ሆኑ?»