በጥርስ ሳሙና ያበራሁት ፓራፋንጎ

ዛሬ ምሳ ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ኖሮ አመስግኜ ነበር የምገባው። እውነቴን ነው!

ባለፈው የለጠፍኩትን ሰልፊ ታስታውሳላችሁ? ፊቴ ሰማያዊ መስታወት ውስጥ የሚታየውን? «መስታወቱ የት ነው የሚሸጠው?» ያላችሁኝ ሁሉ፣ ይቅርታ።

መስታወት አይደለም። ፓራፋንጎ ነው።

አዎ፣ የአባዬ መኪና ፓራፋንጎ! ከፊት ጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ!

አባዬን ለማታውቁት፦ ዕድሜውን ሙሉ ከሶዶ አርባ ምንጭ ሲመላለስ የኖረ፣ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ኮሮላ አለችው። ከእኛ ከልጆቹ በላይ ነው የሚሳሳላት። መንዳት ያስተማረኝም በእሷ ነው።

አሁን ግን ዓይኑ ላይ ሞራ ጀምሮታል። ወንድሜ በረከት በመጣ ቁጥር «አባዬ፣ መንዳት ይብቃህ፤ ወይም ታከም» ይለዋል። አባዬ ደግሞ «መንገዱ ራሱ እኔን ያውቀኛል» ብሎ ይዘጋዋል።

ታዲያ አባዬ ለለቅሶ ሃላሌ ሄደ። «መንገዱ ለእሷ አይሆንም» ብሎ መኪናዋን ትቶ፣ በሚኒባስ።

እኔስ? ሳላስፈቅድ ይዣት ሻንቶ ገበያ! ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ልገዛ!

በሰላም ደርሼ በሰላም ተመለስኩ። ያን ሁሉ ባጃጅ አልፌ አልፌ፣ የገዛ ግቢያችን በር ላይ... ጪርርርር!

ፓራፋንጎው ከብረት በሩ ጋር ተፋጨ። ቀለሙ ተላጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደውሎ «አጠፋሁ» ይላል። እኔ ዩቲዩብ ከፈትኩ።

ጋሽ ከድር ሱቅ ሄጄ ሰማያዊ ስፕሬይ ጠየቅኩ። «ለአልጋ ነው?» አሉኝ። «አዎ፣ ለአልጋ» አልኩ። ምን አስዋሸኝ? እኔም አላውቅም!

ቪዲዮው «ፖሊሽ ከማድረጋችሁ በፊት ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ቢያንስ...» ሲል ኔትወርክ ሄደ።

ቢያንስ ምን? ማን ይጠብቃል!

ዙሪያውን ጋዜጣ ለጣጥፌ ነፋሁበት። ቀለሙ እንባ እያወጣ ወረደ። ውሃ እያፈሰስኩ በደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። እንባው ጠፋ፤ ግን ደብዝዞ አመድ መሰለ። ከዚያ በጨርቅ ፖሊሽ! ፖሊሹ ሲያልቅብኝ የጥርስ ሳሙና! (ዩቲዩብ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።) እያዞርኩ፣ እያዞርኩ፣ ትከሻዬ እስኪዝል።

አበራ! ጥርሴ ሳይቀር ይታይበታል። ሰልፊውን ያነሳሁት ያኔ ነው።

ችግሩ፣ ሌላው የመኪናዋ አካል አልበራም። ያቺ አሮጌ ኮሮላ አንድ የወርቅ ጥርስ ብቻ ያስገባ ሽማግሌ መሰለች።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ብዙም አልጨነቀኝም። «የአባዬ ዓይን መች ያየዋል» አልኩ በልቤ።

አዎ። ብያለሁ።

አባዬ ተመለሰ። ምንም አላለም። መኪናዋን ግን አላስነሳም። «ጉልበቴ ይፍታታ» እያለ በየቀኑ በእግሩ ይወጣል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እሱ ሲወጣልኝ እኔ ጨርቄን ይዤ ፖሊሼን እቀጥላለሁ። ዳር ዳሩን ከድሮው ቀለም ጋር ላመሳስለው ነዋ!

ዛሬ ከቸርች መልስ በረከት መጣ። ተጸለየ፣ ቆጮው ቀረበ። አባዬ እጁን ኪሱ ከተተና የመኪናዋን ቁልፍ በረከት ፊት አስቀመጠ።

«ከዛሬ ጀምሮ አልነዳም።»

እማዬ ዞር ብላ አየችው።

«ፓራፋንጎውን በእጄ ዳሰስኩት» አለ። «ሌላው ሻካራ ነው፤ እሱ ብቻ እንደ ሳህን ይንሸራተታል። የሆነ ነገር ገጭቻለሁ። የት እንደሆነ አላውቅም። እናንተ እንዳይከፋኝ ብላችሁ በድብቅ አሠርታችሁልኛል። ጌታ ይባርካችሁ።»

የያዝኩትን ቆጮ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

«የምነዳበትን መንገድ ሁሉ በእግሬ ዞርኩት። ባለሱቁንም ባለባጃጁንም ጠየቅኩ። ‹መኪናዬ ልጅ ነክታለች ወይ? ሰው ጥላለች ወይ?› አልኩ። የሚያውቅ የለም።» ድምፁ ተቆራረጠ። «ወድቆ የቀረ ሰው ይኖር ይሆን?»

ወገኖቼ! ለካ ጉልበቱን ሊያፍታታ አልነበረም የሚወጣው!

በረከት ደግሞ «ትክክለኛ ውሳኔ ነው አባዬ» ብሎ ቁልፉን ወደ እኔ ገፋው። «አስቴር ትንዳልህ።»

አያችሁ? ዝም ብል መኪናዋ በእጄ ናት።

እና ዝም አልኩ! ትንሽ። ቁልፉን እያየሁ። ይሄንንም ከጥፋቴ ደምሩልኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ። «የራሳችንን በር ነው የገጨሁት። የቀባሁትም እኔ ነኝ፤ ያወለወልኩትም እኔው ነኝ።»

እማዬ ከሁሉም ቀደመች። «የጥርስ ሳሙናውን የጨረስሽው አንቺ ነሻ!»

በረከት ሳቀ። አባዬ አልሳቀም።

«ሰው አልነካሁም?»

«አልነካህም አባዬ።»

«ልጅም?»

«ማንንም።»

በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ በረጅሙ ተነፈሰ። ቁጣውን ስጠብቅ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«አያይም ብለሽ ነው?»

አቀረቀርኩ። ገባው።

ቁልፉን ልመልስለት ዘረጋሁ። አልተቀበለኝም። «ሰው ገጭቼ ይሆናል ብዬ አምኜ ነበር እኮ። ያመንኩት ሊሆን ስለሚችል ነው። መጀመሪያ ዓይኔን ልታከም» አለ። በረከት ስንት ለምኖ ያቃተውን እኔ በስፕሬይ አሳካሁት። ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ?

ውርደቴ ግን አላበቃም!

«ተነሺ» አለኝ። «ሰዉን ሁሉ አስጨንቄያለሁ፤ አብረን ሄደን እንነግራቸዋለን።»

ከሰዓቱን በእግራችን ዞርን። በየሱቁ፣ በየባጃጅ ተራው ያቆመኛል። ተናጋሪዋ እኔ ነኝ። «ማንም አልተገጨም። በራችንን የገጨሁት እኔ ነኝ።» አንዱ ባለባጃጅ አጨበጨበልኝ! ጋሽ ከድር ደግሞ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ወላሂ አስቴር፣ ታዲያ አልጋውስ?» አሉኝ።

ቤት ስንደርስ አባዬ ፓራፋንጎው ጋ ቆመ። በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን አለው። ጨረቃ የመሰለች ምልክት ቀረች።

«አልደረቀም» ብሎ ገባ።

ስለዚህ እባካችሁ በኢንቦክስ ስለ ፖሊሽ አትጠይቁኝ። እኔ ልጠይቃችሁ። አባታችሁ መኪናውን አቁሞ በየቀኑ በእግሩ ሲወጣ «የት ነው የምትሄደው?» ትሉታላችሁ አይደል?

እኔ አላልኩትም።

ፖሊሽ ላይ ነበርኩ።