የሃምሳ አለቃ ባጫ አሥራ አንድ ጨብጥ

ቡራዩ ውስጥ፣ ከአሸዋ ሜዳ እስከ ከታ፣ አንድ ወሬ አለ። ሃምሳ አለቃ ባጫን በውትድርና ዘመናቸው ጨብጥ አሥራ አንድ ጊዜ ይዟቸዋል ይባላል። አሥራ ሁለተኛውን በሽታው ራሱ ሰልችቶት ተወው የሚሉም አሉ።

ወሬው ለማመን ያስቸግራል። ሃምሳ አለቃ የሠሩት ንብረት ክፍል ነው፤ ጫማ፣ ብርድ ልብስና ኮንዶም ሲያድሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። የሚያውቋቸው እንደሚሉት ከግምጃ ቤቱ በር የሚርቁት ለምሳ ብቻ ነበር። ምሳውም ኮቾሮ ነው፣ ያ ጥርስ የሚያነቃንቅ የወታደር ደረቅ ብስኩት፤ እሱን ቆርጥሞ ለጨረሰ ሰው ለሌላ ጉዳይ የሚተርፍ ጉልበት የለም። ግን ወሬ ሁሉ ማስረጃ ይቅረብበት ከተባለ ቡራዩ ላይ ሰው ምን አውርቶ ይውላል?

መቼም በየሰፈሩ፣ ሌላው በጆሮ የሚንሾካሾከውን በጡሩምባ የሚያወራ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ሰው ሲያየው መንገድ ይቀይራል፤ የቸገረው ቀን ግን ቤቱን ጠይቆ ያገኘዋል። ክቡር ሃምሳ አለቃችን ሰላምታቸው ራሱ ምርመራ ነው። "አካም ጂርታ? ተመረመርክ?" ይላሉ በአንድ ትንፋሽ። ታክሲ ውስጥ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት ካዩማ አለቀ።

"ወገን፣ ፈቃድ ነው?"

"አዎ አባቴ።"

"ስትሸና ያቃጥልሃል?"

ተሳፋሪው ሁሉ ባንድ ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታል፤ ውጭ የሚታይ ነገር የለም። አንድ ቀን አንዲት እናት "ወራጅ አለ" ብለው ሁለት ፌርማታ ቀድመው ወርደዋል።

ባለፈው ዓመት የጎረቤት ልጅ ወደ ማሠልጠኛ ሲሸኝ ሽማግሌዎች ተራ በተራ መረቁት። "በሰላም ግባ።" አሜን። "ጥይት አይንካህ።" አሜን። ተራው የሃምሳ አለቃ ሆነ። "ኮንዶም ከኪስህ አይጥፋ።" አሜን አለ ድንኳኑ በሙሉ፤ ቄሱም አፋቸው ከጆሯቸው ቀድሞ አሜን አሉ።

አስር አለቃ ሚልኬሳ ጥር መግቢያ ላይ ፈቃድ ወጥቶ የመጣው ለሠርጉ ነው። ሙሽራዋ ዱርሲቱ ከታ ላይ ልብስ ትሰፋለች። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሁለቱ ግን ሠርጉን ሳይጠብቁ እንደ ባልና ሚስት ሰንብተዋል። የሚልኬሳ ጭንቀት ሌላ ነው፦ ሽንት ቤት በገባ ቁጥር ግድግዳ ደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቆመው። ጤና ጣቢያ እንዳይሄድ ካርድ የምታወጣው የዱርሲቱ አክስት ናት። ለጓደኞቹ እንዳይናገር ይስቁበታል። ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ አንድ ሰው ትዝ አለው። አሥራ አንድ ጊዜ የያዘው ሰው አንድ ጊዜ በያዘው አይስቅም።

ሃምሳ አለቃን ደጃፋቸው ላይ ጫማ ሲቀቡ አገኛቸው።

"ኦቦ ባጫ፣ አንድ ጓደኛዬ..."

"ጓደኛህን ከጀመረው ስንት ጊዜው ነው?"

"ወር አልፎታል።"

"ተቀመጥ በለው።"

ሚልኬሳ ተቀመጠ።

"መድኃኒት ወስዷል?"

"ወስዷል። ቀለል ብሎት ነበር፤ ተመለሰበት።"

"ምን ያህል ወሰደ?"

እዚህ ላይ ሚልኬሳ ጓደኛዬ ማለቱን ተወው። ካምፕ ሳሉ ችግሩ የገጠማቸው ሦስት ነበሩ። አንዱ ከተማ ወርዶ ለአንድ ሰው የሚሆን ኪኒን ገዝቶ መጣና ለሦስት ተካፈሉት። እንዲያ አድርጉ ያላቸው የለም። ወታደር ሲጋራ ለሦስት፣ ኮቾሮ ለአራት እየተካፈለ ነው የሚኖረው፤ ብቻውን የሚውጥ ሰው እዚያ ስም የለውም።

ሃምሳ አለቃ የጫማውን ብሩሽ አስቀመጡ።

"ፍትሐዊ አከፋፈል ነው" አሉ። "ሦስታችሁም እኩል አልዳናችሁም። ለሁለቱ ደውል፤ እያንዳንዳቸው ሐኪም ፊት ይቅረቡ፣ የታዘዘላቸውን ሙሉውን ይውሰዱ። ዱርሲቱስ?"

ሚልኬሳ የፈራው ይህን ነበር። "እኔ ከዳንኩ ለእሷ መንገር ምን ያደርጋል?"

"አንተ ትድናለህ፤ እሷ መልሳ ትሰጥሃለች። ሴት ላይ ምልክቱ ላይታይ ይችላል፤ ውስጥ ውስጡን ሄዶ መውለድ ይከለክላታል። ስማ፣ ኪኒኑን ለማንም ስትቆርስ ቸር ነበርክ። እውነቱን ለገዛ ሚስትህ ልትሰስት ነው?"

በማግስቱ ነገራት። ምን እንዳለችው ለማንም አልተናገረም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ግን የዱርሲቱ የስፌት መኪና ድምፅ አልተሰማም። በአራተኛው ቀን ሚልኬሳና ዱርሲቱ ከሃምሳ አለቃ ጋር ሆነው አክስቷ ወደሌለችበት ወደ መናገሻ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ዱርሲቱ ጋቢና ከሹፌሩ ጋር ተቀመጠች፣ ወንዶቹ ከኋላ። ሃምሳ አለቃ መንገዱን ሙሉ ማንንም ምንም አልጠየቁም፤ በታክሲ ታሪክ የመጀመሪያው መሆን አለበት።

ሁለቱም መርፌና ኪኒን ተሰጣቸው፤ ለየብቻ፣ ሙሉ ሙሉውን። ለኤችአይቪና ለቂጥኝ ደማቸው ታይቶ ነፃ ተባለ፤ ሆኖም ነርሷ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው እንዲመረመሩ አዘዘች። ዱርሲቱ ወጥታ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ጥግ ተቀመጠች።

"ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን" አለች። "ሁለተኛውን ውጤት ካየሁ በኋላ። ለምን ተራዘመ ሲሉ ለእናትህ አንተ ንገራቸው፤ እኔ አልዋሽልህም።"

"እሺ" አለ ሚልኬሳ። 'በኋላ' የሚል ቃል ከአፏ መውጣቱ ብቻ ትከሻውን አቀለለው።

እሷ ግን ወደ ሃምሳ አለቃ ዞራለች። "ኦቦ ባጫ፣ አይቀየሙኝና፣ አሥራ አንድ ጊዜ ሲይዝዎ ሚስትዎ እንዴት ቻሉት? እኔ አንዱ ነው ያቃተኝ።"

ሃምሳ አለቃ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"እኔ ብርድ ልብስ ነበር የማድለው" አሉ። "አንድ ሰሞን የሚመለሰው በዛ። ልጁ ይከሳል፣ ይከሳል፣ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ብርድ ልብሱ ታጥፎ ወደ እኔ ይመጣል። ጥይት የነካቸው አይደሉም። በምን ሞተ ስል ሁሉም ጫማውን ያያል፣ ነውር ነዋ። ከዚያ ወዲህ ነው ጮክ ብዬ ማውራት የጀመርኩት።"

"ታዲያ ወሬውን ለምን ዝም አሉት?" አለ ሚልኬሳ።

"ባስተባብል አንተ ደጄ ትመጣ ነበር?"

ሚልኬሳ ጫማውን አየ።

"እሷ ግን ለትዳሯ ብላ ጠይቃኛለች፤ አልዋሻትም።" ወደ ዱርሲቱ ዞሩ። "አሥራ አንዱም ውሸት ነው ልጄ፣ አንዱም ውሸት ነው። እኔን በሕይወቴ ጨብጥ ይዞኝ አያውቅም።"